ከዛፍ ቅርፊት የተገኘ የክትባት ጉልበት፦ ሳፖኒን እንዴት ይሠራል፣ የት ላይ ይበላሻል

የአልማዝ ባለጭራ መከላከያ የሆነው የሺንግሪክስ ክትባት በአንድ ዶዝ፣ ማለትም በግማሽ ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ 50 ማይክሮግራም የቫይረስ ፕሮቲን ይዟል። ከጎኑ ደግሞ 50 ማይክሮግራም ኪውኤስ-21 አለ። ኪውኤስ-21 ቺሊ ውስጥ ከሚበቅለው ኪላያ ሳፖናሪያ ከተባለው ዛፍ ቅርፊት ተጣርቶ የሚወጣ ሳፖኒን፣ ማለትም ሳሙና መሰል የዕፅ ንጥረ ነገር፣ ነው። ይህ ክትባት ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሲሞከር በሽታውን 97 በመቶ ያህል ተከላክሏል፤ 70 ዓመት ባለፋቸውም ከ90 በመቶ በላይ ሠርቷል። ከእሱ በፊት የነበረው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ክትባት 60 ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ላይ ያስገኘው ጥበቃ 51 በመቶ ገደማ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት የመከላከል አቅም እንደሚደክም እየታወቀ አንድ ነጠላ ፕሮቲን ሕያው ቫይረስን እንዲህ መብለጡ ትልቅ ነገር ነው። የአንበሳው ድርሻ የአድጁቫንቱ፣ ማለትም የክትባቱን ጉልበት ለማጠንከር የሚጨመረው የኪውኤስ-21 ቅንብር፣ ነው።

የተጣራ ፕሮቲን ብቻውን ሲወጋ ሰውነት አደጋ መኖሩን የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም። ሕያው ጀርም የራሱን ማንቂያ ይዞ ይመጣል፤ ፕሮቲን ግን ዝም ብሎ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። አድጁቫንት ይህን ክፍተት ይሞላል። ሐሳቡ የመጣው በ1920ዎቹ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን ለዲፍቴሪያ መድኃኒት የሚሆን ደም በሚቀዳባቸው ፈረሶች ላይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ መርፌው የተወጋበት ቦታ ያበጠባቸውና የመገለባቸው ፈረሶች ከሌሎቹ የበለጠ ፀረ መርዝ ያመነጩ ነበር። ስለዚህ ሆን ብሎ ቦታውን የሚያስቆጡ ነገሮችን ከክትባቱ ጋር ማደባለቅ ጀመረ፤ ከመካከላቸው ከካሳቫ ሥር የሚገኘው የታፒዮካ ስታርች ይገኝበታል። በ1926 እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ግሌኒ የአልሙኒየም ጨውን ይዞ ብቅ አለ፤ አልሙኒየሙም ለበርካታ አሥርት ዓመታት መድረኩን ያዘ።

ሳፖኒን የገባው በከብት ሕክምና በኩል ነው። በ1951 አርጀንቲና ውስጥ ኤስፒኔት ለአፍተግር ክትባት ተጠቀመበት፤ አንዳንድ የአፍተግር ክትባቶች ዛሬም ድረስ ሳፖኒንን ከአልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ጋር አጣምረው ይይዛሉ። ያኔ የሚጨመረው ግን ድፍን የቅርፊት ጭማቂ ነበር፤ በውስጡ ታኒን፣ ፖሊፊኖልና በዓይነታቸው ብዙ የሆኑ ሳፖኒኖች ነበሩበት፣ አንዱ ማምረት ከሌላው አይገጥምም ነበር። በ1974 ዴንማርካዊው ክርስቲያን ዳልስጋርድ ከጭማቂው የሚሠራውን ክፍል ለይቶ ኪል-ኤ አለው። ኪል-ኤ ለከብት ቢበቃም ለሰው አይመችም ነበር። በ1991 ሻርሎት ኬንሲልና ባልደረቦቿ ኤችፒኤልሲ በተባለው ማጣሪያ መሣሪያ አንድ በአንድ ሲለዩት ኪውኤስ-7፣ ኪውኤስ-17፣ ኪውኤስ-18 እና ኪውኤስ-21 ወጡ። ቁጥሮቹ ሳፖኒኖቹ ከመሣሪያው የወጡበትን ተራ ያሳያሉ። ከሁሉም በብዛት የሚገኘው ኪውኤስ-18 አይጦችን ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። ኪውኤስ-21 ግን ጉልበቱ ሳይቀንስ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነበር። ድፍን የዕፅ ጭማቂን ለመርፌ የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል፦ ከአንድ ቅርፊት፣ በአንድ ጭማቂ ውስጥ፣ የሚጠቅመውና የሚጎዳው ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሚወጡት።

አሁን ወደ ሞለኪውሉ ቀረብ እንበል። ኪውኤስ-21 አራት ክፍሎች አሉት። መሐሉ ኪላይክ አሲድ የተባለ ውሃ የማይወድ የትራይተርፒን አጥንት ነው። በአንድ ጎኑ ሦስት ስኳሮች ቅርንጫፍ ሠርተው ተያይዘዋል፣ በሌላው ጎን አራት ስኳሮች በመስመር ተደርድረዋል። ከአራቱ ስኳሮች ሰንሰለት ላይ ደግሞ 18 ካርቦን ያለው የቅባት ጅራት ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይም አንድ ተጨማሪ ስኳር አለ። አንዱ ጫፍ ውሃን ሌላው ቅባትን ስለሚወድ፣ ልክ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል። የኬሚስቱ ዴቪድ ጂን ቡድን ሞለኪውሉን በ2005 እና 2006 በቤተ ሙከራ ሙሉ በሙሉ ከሠራው ወዲህ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሠራ እየለዩ ማየት ተችሏል። ሦስቱ ስኳሮች ቢወገዱም ሞለኪውሉ መሥራቱን ይቀጥላል፣ እንዲያውም ጉዳቱ ይቀንሳል። የቅባት ጅራቱ ከተቆረጠ ግን አብዛኛው ጉልበት አብሮ ይሄዳል።

ችግሩ ጅራቱ የታሰረው በኤስተር ማሠሪያ መሆኑ ነው። ኤስተር ውሃ ውስጥ ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ፒኤች ከፍ ሲል፣ ማለትም የፈሳሹ አሲዳማነት ሲቀንስ፣ እንዲሁም ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ኪውኤስ-21 በተራ ውሃ ተበጥብጦ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ መልኩ ሳይለወጥ፣ ሳይደፈርስ፣ ሳይሸት ይሞታል። ዓይን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ኤችፒኤልሲ ብቻ ነው፣ በመሣሪያው ግራፍ ላይ አዲስ ጫፍ ቀደም ብሎ ሲወጣ። መፍትሔው ትንሽ አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ማቆየት፣ ማቀዝቀዝና፣ ከሁሉ በላይ፣ ኮሌስትሮል ባለበት የቅባት ሽፋን ውስጥ መትከል ነው። ሽፋኑ ውስጥ ሲገባ መፈታቱ በጣም ይዘገያል።

ኮሌስትሮሉ ሌላም፣ ከዚህ የሚበልጥ፣ ሥራ አለው። ሳፖኒን በተፈጥሮው ኮሌስትሮል ፈላጊ ነው። ነጻ ሆኖ ደም ቢያገኝ የቀይ የደም ሕዋሳትን ሽፋን ኮሌስትሮል ይይዝና ቀዳዳ ያበጃል፤ ሕዋሳቱም ይፈነዳሉ። ነጻ ሳፖኒን ሲወጋ ቦታው ላይ የሚሰማው ከባድ ሕመምም በአብዛኛው ከዚሁ የሽፋን መቅደድ ጠባይ ይመጣል። ኮሌስትሮል አስቀድሞ ከተሰጠው ግን ከእሱ ጋር ይታሰርና ለሌላው ሽፋን እጁ አይፈታም። በሺንግሪክስ ውስጥ ያለው ኤኤስ01-ቢ የተሰኘው የሊፖዞም (ከቅባት ሽፋን የተሠራ ጥቃቅን ከረጢት) ቅንብር ለአንድ ዶዝ 1 ሚሊ ግራም ዲኦፒሲ የተባለ ፎስፎሊፒድ፣ 0.25 ሚሊ ግራም ኮሌስትሮል፣ 50 ማይክሮግራም ኪውኤስ-21 እና 50 ማይክሮግራም ኤምፒኤል አለው። ኤምፒኤል ከዕፅ ሳይሆን ከባክቴሪያ የሚገኝ ነው። ኮሌስትሮሉ በክብደት ከሳፖኒኑ አምስት እጥፍ መሆኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ አንድም ሳፖኒን ሳይታሰር እንዳይቀር ነው።

ሁለተኛው መንገድ በ1984 ስዊድናዊው ብሮር ሞሬይንና ባልደረቦቹ ያወጡት ኢስኮም ነው። ኮሌስትሮል፣ ፎስፎሊፒድና ሳፖኒን በተለመደው በ1፣ በ1 እና በ5 የክብደት ምጥጥን በዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ማሟሚያ) ይሟሙና ዲተርጀንቱ በዳያሊሲስ፣ ማለትም በቀጭን ሽፋን በኩል በማጣራት፣ ቀስ ብሎ ሲወጣ 40 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ክፍት ክፍት ቅንጣቶች በራሳቸው ይሠራሉ፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሽቦ ቀፎ ይመስላሉ። ማትሪክስ-ኤም የተባለው የዛሬው አድጁቫንት የዚህ ልጅ ነው። ኤ እና ሲ ከተባሉ ሁለት የሳፖኒን ክፍልፋዮች ሁለት ዓይነት ቅንጣቶች ለየብቻ ይሠሩና 85 በመቶ ከኤ፣ 15 በመቶ ከሲ ይደባለቃሉ። የሲ ክፍልፋይ ጉልበቱ ኃይለኛ፣ ጉዳቱም የሚበዛ ነው፤ የኤ ደግሞ የተረጋጋ ነው። በዚህ ምጥጥን ሲዋሃዱ ጉልበቱ እንዳለ ጉዳቱ ይወርዳል።

ምጥጥኑ ሲዛባ ምን እንደሚሆን በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። ሳፖኒኑ ከበዛ ከቀፎዎቹ ጎን ቀለበትና ረጃጅም ትል መሰል ቅርጾች ይታያሉ። ካነሰ ቅባቱ እንደ ተራ ሊፖዞም ይጠቀለላል ወይም ንጣፍ ንጣፍ ይሆናል። ዳያሊሲሱ ከተቻኮለ የቀረው ዲተርጀንት ራሱ ሕዋስ ያፈነዳል፤ ሠሪው ግን ጥፋቱን ሳፖኒኑ ላይ ሊያላክክ ይችላል።

ሳፖኒኑ በትክክል መታሰሩን ለማረጋገጥ የሚሠራው ምርመራ ቀላል ነው፤ ቅንብር የሚሠራ ቤተ ሙከራ ሁሉ ከእንስሳ ሙከራ በፊት ሊያደርገው ይገባል። የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት በፒቢኤስ (ፒኤቹ የተረጋጋ የጨው ውሃ) ተደጋግመው ይታጠባሉ፣ የላይኛው ፈሳሽ ቅላት እስኪያጣ ድረስ። ከዚያ ወደ 1 በመቶ ይበጠበጣሉ። ናሙናው በሳህኑ ጉድጓዶች ውስጥ በየተራው በእጥፍ እየቀጠነ ይወርዳል፤ በየጉድጓዱ እኩል መጠን የደም ሕዋስ ይጨመርና በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል። ሳይፈነዱ የቀሩት ሕዋሳት በሴንትሪፊውጅ ይወርዳሉ፣ የላይኛው ፈሳሽ ቅላት ደግሞ በ540 ናኖሜትር ይነበባል። ንጹሕ ውሃ የገባበት ጉድጓድ ሙሉ መፈንዳትን፣ ፒቢኤስ ብቻ ያለበት ዜሮን ይሰጣል። ነጻ ኪውኤስ-21 በሚሊ ሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ሲደርስ ማፈንዳት ይጀምራል፤ በሚገባ የታሰረው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ቢጨመርም ፈሳሹ ጥርት ብሎ ይቀራል። ሁለት ነገሮች ንባቡን ያሳስታሉ። አንደኛው ያረጀ ደም ነው፤ ገና ሳይነካ የሚፈነዳ ሕዋስ ሁሉንም ውጤት ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለተኛው ሊፖዞም ራሱ ነው፤ ደመና መሳይ ስለሆነ ብርሃን ይበትንና መሣሪያው ቅላት ያለ ያስመስለዋል። ስለዚህ ያለ ደም ሕዋስ ናሙናው ብቻ የገባበት ጉድጓድ አብሮ መነበብና ከውጤቱ መቀነስ አለበት።

እንዲህ ተገርቶ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ከጡንቻው በሊምፍ ፈሳሽ ተጉዞ በአቅራቢያው ያለው የሊምፍ ዕጢ ይደርሳል። እዚያ በዕጢው ጠርዝ የተሰለፉት ማክሮፋጆች ይውጡታል። ሳፖኒኑ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ የሕዋሱ የምግብ መፍጫ ከረጢት በሆነው ላይሶዞም ውስጥ ይከማችና ሽፋኑን ያናጋል፤ ያ የኮሌስትሮል ፍላጎት እዚህ ላይ ነው በጎ ሥራ የሚሠራው። ካስፔዝ-1 የተባለው ኢንዛይም ይነሳል፣ የጭንቀት ምልክቶችም ይለቀቃሉ። በሰዓታት ውስጥ በዕጢው ያሉት ኤንኬና የተወሰኑ ሲዲ8 ቲ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን የማንቂያ ፕሮቲን ያፈልቃሉ፤ ይህ ደግሞ አንቲጅን (ሰውነት እንዲለየው የሚፈለገውን የጀርም ክፍል) አቅራቢ የሆኑትን ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ያነቃል። ኤምፒኤል በበኩሉ ቲኤልአር4 የተባለውን ተቀባይ ይነካል። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የሚመጣው የኢንተርፌሮን መጠን ለየብቻ ሲሰጡ ከሚመጣው ድምር ይበልጣል፤ ኤኤስ01 ከሌሎች ቅንብሮች የተለየውም በዚህ ይመስለኛል።

ውጤቱ በዓይነትም ይለያል። አልሙኒየም በዋናነት ፀረ እንግዳ አካልን ያበዛል፣ ቲ ሕዋሳትን ግን ብዙም አይቀሰቅስም። ሳፖኒን ያለበት ቅንብር ፀረ እንግዳ አካሉን ከፍ ከማድረጉም ባሻገር ሲዲ4 ቲ ሕዋሳትን በርትተው እንዲቆሙ ያደርጋል። በአይጥ ላይ ይህ ልዩነት አይጂጂ2 እና አይጂጂ1 በተባሉት ሁለት የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች ምጥጥን ይታያል፤ አልሙኒየም አይጂጂ1ን፣ ሳፖኒን አይጂጂ2ንም ያወጣል። አልማዝ ባለጭራን የመሰለ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ የሚያዘው በቲ ሕዋስ ስለሆነ የአድጁቫንቱ ምርጫ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው።

ይህ መነቃቃት ግን አጭር ነው። በኤኤስ01 ላይ የተሠሩ የአይጥ ጥናቶች እንዳሳዩት አንቲጅኑና አድጁቫንቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ካልተገናኙ ጥቅሙ ይጠፋል። አንዱን ቀኝ ክንድ ሌላውን ግራ ክንድ ላይ መውጋት አይሠራም።

ይህ በክትባት ክፍል ውስጥ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ሺንግሪክስ በተለመደው አቀራረቡ በሁለት ብልቃጥ ይመጣል፤ አንዱ ደረቅ ፕሮቲን፣ ሌላው ፈሳሽ አድጁቫንት። የአድጁቫንቱ ፈሳሽ በሙሉ በሲሪንጅ ተቀድቶ ዱቄቱ ላይ ይጨመራል፣ እስኪሟሟ ቀስ ተብሎ ይወዛወዛል፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ይቀዳና ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ያጋጠሙ ስሕተቶች በአብዛኛው እዚህ ናቸው። ፈሳሹን ብቻ ቀድቶ መውጋት ማለት ሰውዬውን አንቲጅን ሳይሰጡት ክንዱን ብቻ ማሳመም ነው፤ አልተከተበም። ዱቄቱን በሌላ ፈሳሽ ማሟሟት ደግሞ ፕሮቲኑን ያለ ማንቂያ ይተወዋል። ከቆዳ ሥር መውጋት የቦታውን እብጠትና ቅላት ያባብሰዋል። ከተደባለቀ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተቀምጦ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል። በረዶ የሠራ ብልቃጥ ቀልጦ ደህና ቢመስልም አይሰጥም፤ በረዶ የሊፖዞሙን ሽፋን ይሰብራል፣ ሳፖኒኑ መታሰሩም ዋስትና አይኖረውም።

የወባ ክትባቶቹም የዚሁ ዛፍ ባለዕዳ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. የመከረው አርቲኤስ፣ኤስ (ሞስኪሪክስ) የኤኤስ01ን ግማሽ መጠን፣ ማለትም 25 ማይክሮግራም ኪውኤስ-21 ይጠቀማል። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የመከረው አር21 ደግሞ 5 ማይክሮግራም አንቲጅን ከ50 ማይክሮግራም ማትሪክስ-ኤም ጋር ይዟል። ሞስኪሪክስ እንደ ሺንግሪክስ ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል፣ አንድ ጥንድ ብልቃጥ ለሁለት ሕፃናት ይበቃል፤ አር21 ግን ተደባልቆ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲከትብ ለሚውል ባለሙያ ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ትልቅ ዕረፍት ነው፣ የማደባለቅ ስሕተትንም ከሥሩ ይነቅላል።

ተከታቢው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቀድሞ መነገር አለበት። በሺንግሪክስ ጥናት ከአሥር ሰዎች ስምንት የሚያህሉት ክንዳቸውን አሟቸዋል፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጡንቻ ሕመምና ድካም ተሰምቶታል። ከመቶ 17ቱ ላይ ስሜቱ የዕለት ሥራን እስከ ማስተጓጎል ደርሷል። በአብዛኛው በሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ይህን ያልተነገረው ሰው ሁለተኛውን ዶዝ ይተዋል፤ ያለ ሁለተኛው ዶዝ ደግሞ ጥበቃው ሙሉ አይሆንም።

ስለ ዛፉ ደግሞ። ኪላያ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ራሱም ሊሞት ይችላል። በዚህ ምክንያት አሁን አሁን ከቅርፊት ይልቅ ከተገረዙ ቅርንጫፎችና ከእንጨቱ ጭምር ማውጣት እየተለመደ ነው። በ2024 ይፋ በሆነ ሥራ የጄይ ኪስሊንግ ቡድን ከስድስት ዓይነት ፍጥረታት የተውጣጡ 38 ኢንዛይሞችን እርሾ ውስጥ ከትቶ ሙሉ ኪውኤስ-21 እንዲሠራ አድርጓል። ምርቱ ግን ገና በሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች ነው፤ ከአንድ ሊትር እርሾ ሁለት የሺንግሪክስ ዶዝ እንኳን አይወጣም ማለት ነው። የአን ኦስቦርን ቡድንም ዛፉ ሳፖኒኑን የሚሠራበትን መንገድ ፈትቶ በትንባሆ ዘመድ ዕፅ ላይ አሳይቷል። በእኔ እምነት ትልቁ ትርፍ ዛፉን መተካቱ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ከታወቀ ጉልበቱን ይዞ ጉዳቱን የጣለ አዲስ ሳፖኒን ማሠራት ይቻላል።

ከሳፖኒን ሌላ ከዕፅ የሚገኙ አሉ። ከዳህሊያ ሥር የሚወጣው ኢኑሊን በልዩ ሁኔታ ወደ ጥቃቅን ጠጣር ቅንጣት ተለውጦ አድቫክስ የተባለው አድጁቫንት ሆኗል፤ የሚሠራው ቅንጣቱ ሳይሟሟ ሲቆይ ብቻ ነው። በሌሎች አድጁቫንቶች ውስጥ የሚገባው ስኳሊን የተባለው ዘይትም ከሻርክ ጉበት ሌላ ከወይራ ዘይትና ከአማራንት ይገኛል።

«እንግዲያው ዕፁን ብጠጣው ክትባቴን ያጠነክርልኛል?» ለሚል መልሱ አይደለም ነው። የኪላያ ጭማቂ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ አረፋ ለመያዝ ይገባል፣ የሚጠጣው ሰው ግን ክትባቱ አይጠነክርም። በአፍ የገባ ሳፖኒን ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አያልፍም፣ የሚያልፈውም አንቲጅኑ ያለበት የሊምፍ ዕጢ አይደርስም።

የዕፅ ጭማቂ አይጥ ላይ አድጁቫንት ሆነ የሚል ጥናት ስታነቡ መጀመሪያ ኤንዶቶክሲን መለካቱን ፈልጉ። ከአፈርና ከውሃ የሚመጣ የባክቴሪያ ቅሪት ጭማቂው ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ እሱ ራሱ ቲኤልአር4ን ስለሚነካ ዕፁ ያልሠራውን ሠርቶ ያሳያል። መለኪያውም ወጥመድ አለው፦ የተለመደው ኤልኤኤል ምርመራ ቤታ ግሉካን የተባለውን የዕፅና የፈንገስ ስኳርም ኤንዶቶክሲን ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ለፖሊሳካራይድ ናሙና ሪኮምቢናንት ፋክተር ሲ የተባለው ምርመራ ይሻላል። ቀጥሎ አንቲጅን ብቻ፣ ጭማቂ ብቻ፣ አንቲጅን ከአልሙኒየም ጋር የተሰጣቸው አይጦች በንጽጽሩ ውስጥ መኖራቸውን እዩ፤ ከዚያም የፀረ እንግዳ አካሉ ብዛት ብቻ ነው የተለካው ወይስ አይጦቹ ለጀርሙ ተጋልጠው መትረፋቸውም ታይቷል የሚለውን።